እቴቴ ስንዱና ፊት ብቻ የሚያወጣው ሌንስ

ባለፈው ወር ለለቅሶ ውጫሌ ሄጄ ነበር። የሟቹ ፎቶ በትልቅ ባነር ታትሞ ከድንኳኑ መግቢያ ላይ ተወጥሯል። ፎቶው በስልክ የተነሳ ነው፤ ስልኩም እንደ ዘመኑ ልማድ ከፊቱ በስተጀርባ ያለውን ሁሉ በገዛ ራሱ አደብዝዞታል፤ ሲያደበዝዝም የሰውየውን ቀኝ ጆሮና የጋቢውን ጠርዝ አብሮ ጠርጎታል። ለቀስተኛው በፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ ተቀምጧል። ከድምፅ ማጉያው የተቀዳ መዝሙር ይሰማል። ወደ ፎቶው ቀና ብሎ ሰውየውን በስሙ የጠራ፣ ስለ መልኩ አንዲት ስንኝ ያወጣ ግን አልነበረም። ከአጠገቤ የእናቴ ታላቅ እህት እቴቴ ስንዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። በአምባሰል ቀበሌዎች ለብዙ ዘመን ሙሾ ያወረዱ፣ በለቅሶ ቤት ድምፃቸው ከተራራ ማዶ ይሰማል ይባልላቸው የነበሩ ሴት ናቸው። ዛሬ ጉልበቱም ዕድሜውም የለም፤ የሚጠራቸውም የለም። ባነሩን ረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፦ «ፊቱስ ትልቅ ነው፤ የሚያየው ሰው ነው የጠፋ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። በቤቴ ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የዚያ አገር ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ፊት በጥቁርና ነጭ ታትሞ ተቀምጧል፤ ሁሉንም ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሲነሱም እቴቴ ስንዱ ከጎኔ ነበሩ። የእሳቸው የራሳቸው ፊት ግን ከሣጥኑ ውስጥ የለም። በለጋ ዕድሜዬ ጠይቄያቸው እምቢ አሉኝ፤ ጎልማሳ ሆኜ ጠይቄያቸው እምቢ አሉኝ። ከለቅሶው ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ፣ ዘንድሮስ የግድ ይነሳሉ ብዬ ወሰንኩ። የምወስነው ጥቂት ነው፤ ከወሰንኩ ግን አልመለስም።

ነገሩ የተጀመረው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሐይቅ ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ በተመደብኩበት ዘመን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እወጣ ነበር። በመኪናው ውስጥ አምባሰልና ባቲ እየተፈራረቁ ይሰማሉ፤ የካሴቱ ክር ሲላላ የዘፋኟ ድምፅ እንደ ሽማግሌ ይጎተታል፤ ያን ጊዜ ረዳቱ ካሴቱን አውጥቶ በእስክሪብቶ ያጠነጥነዋል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዘፈኑ እስኪመለስ ድረስ በትዕግሥት ዝም ይላል። እኛ መምህራት ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ኮትና ከጉልበት በታች የሚወርድ ሽንሽን ቀሚስ እንለብስ ነበር፤ በዚያ ትከሻ ሁለት ሴት በአንድ በር አያልፍም። ፒያሳ እወርድና በካሜራዬ ያነሳሁትን ፊልም ለማሳጠብ ከዳቦ ቤቱ ጎን ወዳለው የጋሽ ሰይድ ፎቶ ቤት እገባለሁ። ከውስጥ የትኩስ ዳቦ ሽታና የፎቶ ማጠቢያው ኮምጣጤ የመሰለ ሽታ ተቀላቅሎ ይቀበለኛል። ግድግዳው ላይ ፏፏቴና አውሮፕላን አንድ ላይ የተሳሉበት መጋረጃ አለ፤ ከበሩ ጀርባ በምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት፣ አንድ ክራባት፣ ከሥሩም አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ ለመጣው ሁሉ ይጠብቃል። የወሎ ጎረምሳ ሁሉ በአንድ ኮት የተነሳበት ዘመን ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ሌንሱን ያየሁት በጋሽ ሰይድ መስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከፊልም ካርቶኖች ጀርባ ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ከባድ ብረት ነበር። እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«እሱን ተይው የኔ እህት። ፊት ነው የሚያወጣ፤ ሰው አያወጣም።»

«ፊት ሰው አይደለም እንዴ፣ ጋሽ ሰይድ?»

«ወላሂ ደንበኛ አስፈጀኝ! ሰዉ ኮት ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ጫማ አስወልውሎ ይቆማል። በዚህ አንስቼ ስሰጠው “እጄስ? ጫማዬስ? የከፈልኩ ለአንገት በላይ ነው?” ብሎ ይወርድብኛል።»

ለእኔ ደሞዝ ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ገዛሁት። ሰማንያ አምስት ሚሊሜትር የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለት ሜትር ያህል ርቄ ቆሜ የሰውን ፊት ሙሉ ለሙሉ ያመጣልኛል፤ ብዙ ለማትናገር፣ ሰውን ተጠግታ ማስጨነቅ ለማትወድ ሴት ይህ ርቀት ትልቅ ስጦታ ነበር። የብርሃን መግቢያው የሻይ ብርጭቆ አፍ ያህላል፤ ስለዚህ በደመናማ ቀን፣ በቤት ደጃፍ ጥላ ውስጥ እንኳ ያለ ፍላሽ ያነሳል። ፎከሱ ግን በእጅ ነው። ቀለበቱ ማር ውስጥ እንደሚዞር ማንኪያ ቀስ ብሎ፣ ከበድ ብሎ ይዞራል፤ መግቢያው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጠርቶ የሚወጣው ከጣት ውፍረት አይበልጥም። ጥራቱ ዓይን ላይ ከዋለ ጆሮው ይለሰልሳል፤ አፍንጫ ላይ ከዋለ ዓይን ይጠፋል። ስህተቱም የሚታወቀው ያን ጊዜ ሳይሆን ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ነው፤ አንድ ጥቅል ፊልም ደግሞ የአንድ ደህና ዶሮ ዋጋ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሐይቁ ዳር ነው፤ ሰው ለበዓል ለብሶ የሚነሳው እዚያ ነውና። የትምህርት ቤታችንን ጸሐፊ አዲስ ሹራቧን እንደለበሰች፣ ከኋላዋ ውሃውን፣ ከማዶ የእስጢፋኖስ ገዳምን ዛፎች አድርጌ አነሳኋት። ታጥቦ ሲመጣ ፊቷ እንደ ጨረቃ ወጥቷል፤ ዓይኗ ውስጥ እኔ ራሴ ቆሜ እታያለሁ። ከኋላዋ ያለው ግን ውሃውም፣ ዛፉም፣ ሰማዩም አንድ ላይ ቀልጦ ግራጫ ሐር ሆኗል። ፎቶውን ወደ ፀሐይ እያገላበጠች አየችው።

«ጽጌ፣ ሐይቁን የት ጣልሽው?»

«እዚያው አለ፤ ለስልሶ ነው።»

«እዚህ ድረስ የወረድነው ለሐይቁ አይደል እንዴ? ይኼ እኮ ቤቴ አንሶላ ዘርግቼ ብነሳም ይወጣል!»

በሐይቅ ከተማ በዚያ ሌንስ ሊነሳ የፈለገ ሁለተኛ ሰው አላገኘሁም። ዛሬ ልጆቹ ስልካቸው ያንኑ ማለስለስ እንዲሠራላቸው ሲጥሩ ሳይ ያቺ ጸሐፊ ምን ትል ይሆን እላለሁ።

ክረምት ሲገባ እናቴ ዘንድ፣ ከውጫሌ በላይ ወዳለው መንደራችን ወጣሁ። እናቴን በደጃፉ ጥላ ውስጥ አነሳኋት፤ ደሴ ወርጄ አሳትሜ ስመለስ እቴቴ ስንዱ እናቴ ዘንድ ነበሩ። ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ከዚያ አቀመጡትና እናቴን ራሷን አዩ፤ ተመልሰው ፎቶውን አዩ።

«ይቺ ከቅንድቧ ሥር ያለችው ጠባሳ፣ የግራር እሾህ የወጋት ናት። እኔ ነኝ በጥርሴ ያወጣሁላት፤ ከብት ስንጠብቅ። እስከ ዛሬ ምልክቷ እንዳለ አላውቅም ነበር።» ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። «በምንድን ነው ያነሳሽ?»

ሌንሱን ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው መዘኑት፤ ቀለበቱን አንድ ጊዜ አዞሩት።

የእሳቸውን ሥራ ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ቤተሰቡ የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ሙሾ አውራጇ ከፎቶው ፊት ትቆማለች፤ አይታ፣ ከመልኩ ላይ አንድ ነገር ይዛ ስንኙን ታወርዳለች፤ ሰዉም ተቀብሎ ያለቅሳል። እቴቴ ስንዱ ፎቶ ያላዩለትን ሰው ማልቀስ አይወዱም ነበር፤ የዘመኑ ፎቶ ግን ሁሉም ከእግር እስከ ራስ፣ ከአውሮፕላኑ መጋረጃ ፊት የተነሳ ነው።

«ፊቱ ምስር አክሎ ያመጡልኛል» አሉኝ። «ምኑን አይቼ ላውርድ? ኮቱን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ አምናም አልቅሼለታለሁ!»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። «ጽጌ፣ ክረምቱን ሙሉ እዚህ ነሽ አይደል? ያገሩን ሽማግሌ ሁሉ አብረን እንዞራለን። በቁሙ፣ ፊቱን ብቻ ታነሺልኛለሽ» አሉ። ዞርን።

መጀመሪያ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ከሸፉ። ምክንያቱን ያገኘሁት ደሴ ወርጄ ፊልሙን ካየሁ በኋላ ነው። የእኛ ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ ወደፊት ዝቅ ይላል። እኔ ዓይናቸው ላይ ፎከሱን አስተካክዬ፣ ዝም ብሎ ማንሳት ነውር ስለሚመስለኝ «ደህና ነዎት?» እላለሁ፤ እሳቸው «እግዜር ይመስገን» ብለው ዝቅ ሲሉ ከዚያች ጣት ከማታህል ጥራት ይወጣሉ፤ የሚጠራው የሻሽ ጠርዝ ወይም የጥምጥሙ እጥፋት ይሆናል። ጥቅሉ በሙሉ የጨዋ ሰዎች ጥምጥም ነበር። ሰላምታውን ልተወው ደግሞ አልችልም፤ የማላውቃቸውን ሰዎች ያለ ሰላምታ ሌንስ ልደቅንባቸው? ነገሩን ለእቴቴ ስንዱ ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ የተስማማንበት አሠራር ይህ ነበር፦ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው የአገራችንን ረጅም ሰላምታ እስከ መጨረሻው ያስጨርሱታል፤ የልጅ፣ የከብት፣ የዝናብ፣ የጎረቤት፣ የአማች፣ የተዘራው፣ የታመመው ሁሉ ተራ በተራ ይጠየቃል። ሰውየው የሚመልሰው ሲያልቅበት፣ ወገቡ ቀና ብሎ፣ ፊቱ የራሱ ብቻ የሚሆንባት አንዲት ቅጽበት አለች። እኔ ቀለበቱን ይዤ እሷን እጠብቃለሁ።

ሰዉ ግን ፈራን። ሙሾ አውራጅና ፎቶ አንሺ ተያይዘው ሲመጡ ማን ደስ ይለዋል? «ሁለቱ መጡ፤ ማን ታሞ ነው?» ይባል ጀመር። አያ ሞላ የሚባሉ፣ የፊት ጥርሳቸው የተሸረፈ፣ በሳቃቸው የታወቁ ገበሬ ከሩቅ እንዳዩን ገብተው ጅዳ ያለችው ልጃቸው የላከችላቸውን ነጭ ሸራ ጫማ አድርገው ወጡ።

«ስንዱ፣ ገና ሳልሞት ለጨረታ አወጣሽኝ?»

«ጨረታማ ማን ይገዛሃል፣ አያ ሞላ! ተቀመጥ ይልቅ።»

አያ ሞላ ተቀመጡ፤ ካሜራውን ሲያዩ እግራቸውን ወደፊት ዘረጉ። «ጫማው ይገባል አይደል፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«አይገባም፣ አያ ሞላ። ፊት ብቻ ነው» አልኩ።

«እንዴት አይገባም? ልጄ ከጅዳ ድረስ ልካው! ጫማው ካልታየ ሰው እንዳለኝ በምን ይታወቃል?»

«እኔ ለጫማ አላለቅስም!» አሉ እቴቴ ስንዱ። አያ ሞላ በሳቅ ፈረሱ፤ ጥርሳቸውም፣ የዓይናቸው ዙሪያም ተከፈተ። አነሳሁ።

አያ ሞላ ያረፉት ከዓመታት በኋላ ነው። ልጃቸው ከጅዳ መጥታ ያንን ፎቶ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘች። እቴቴ ስንዱ ከፊቷ ቆመው አዩት። ከዚያ ድምፃቸው ተነሳ፦

ሸራፋ ጥርስ ይዞ ሳቅ የማይጎድልበት፣
ዛሬ ዝም አለና ጨለመብን ይህ ቤት።

ሰዉ እያለቀሰ ፈገግ ሲል ያየሁት በዚያ ለቅሶ ነው። እኔ ግን እንደ ወትሮዬ ከኋላ ቆሜ ዝም አልኩ።

በየዓመቱ አንድ ጊዜ «አንቱስ፣ እቴቴ?» እላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ፀጉሬ አልተሠራም፣ ሌላ ጊዜ ዓይኔን አሞኛል፣ አንዳንዴም ጾም ነው ይሉኛል። ሌንሱን ካነሳሁ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ። ሞትን ፈርተው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ የፎቶን መጨረሻ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ፍርሃቱን አከበርኩላቸው። ዘመኑም ተለወጠ፤ የጋሽ ሰይድ ፎቶ ቤት የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆነ፤ ፊልም ጠፋ። ሌንሱ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ዛሬ በመሸጋገሪያ ቀለበት ከአዲስ ካሜራ ጋር ገጥሜዋለሁ። ካሜራው ሁሉን በራሱ ያደርጋል፤ ፎከሱን ብቻ ዛሬም የማደርገው በእጄ ነው።

ከውጫሌው ለቅሶ በኋላ በነበረው ቅዳሜ በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት፣ ከዚያም በእግሬ ወጣሁ። እቴቴ ስንዱ ከግድግዳቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ቦርሳዬን አዩና ከሰላምታው በፊት ተናገሩ።

«አመጣሽው?»

«አመጣሁት። ዛሬ ይነሳሉ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ካልተነሱ አልሄድም።»

«እንግዲያው እዚሁ ክረሚ፤ ጎመን ሞልቷል።»

ተቀመጥኩ። ጎመኑን አብሬያቸው ቀነጠስኩ፤ ውሃ ቀዳሁ፤ ምሳ በላን፤ ጥላው ከግድግዳው ወደ ግቢው ወረደ፤ ብርሃኑም ለሌንሱ የሚመቸው ሆነ። ካሜራውን አወጣሁ። እጃቸው ወደ ነጠላቸው ሄደ።

«እቴቴ፣ ሞትን ፈርተው ነው?» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። «ሞትን? ከሞት ጋር አብረን ስንት ዘመን ሠራን!» ጎመኑን ገፋ አደረጉት። «ስሚኝ ጽጌ። እኔ ስሞት ፎቶዬን ያወጡታል። ከፊቱ የሚቆም ማን አለ? እኔ ያየሁትን ያህል የሚያየኝ ማን አለ? ያ ሰውዬ ውጫሌ ተሰቅሎ፣ ሰዉ ከሥሩ ውሃ ሲጠጣ፣ አንድ ሰው ስሙን ሳይጠራው ዋለ። ፊቴን ለዝምታ አልሰጥም። ከማፈር አለመኖር ይሻላል።»

እስከዚያች ሰዓት ይህን አልገመትኩም ነበር። የፈሩት መሞትን ሳይሆን ያለ አልቃሽ መታየትን ነው።

«እኔ እቆማለሁ» አልኩ።

«አንቺ? ለእናትሽ ለቅሶ እንኳ ድምፅሽ አልተሰማ!»

«እቆማለሁ አልኩ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፤ ነጭ ፀጉራቸውን በመዳፋቸው አስተካከሉ። «አውርጂዋ። አሁን። ከሰማሁት እነሳለሁ፤ ካልሰማሁት ዕቃሽን ሰብስበሽ ትወርጃለሽ።»

ሁለት ሜትር ርቄ ተንበረከክሁ። በካሜራው መስኮት ውስጥ ፊታቸው ሞላ። ቀለበቱን አዞርኩ፤ የግራ ዓይናቸው ጠራ። ፎከስ ሳደርግ ዘወትር ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ትንፋሹን ይዞ የሚያወርድ ሰው ግን የለም። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ድምፅ የማን እንደሆነ አላወቅሁትም፦

የሰውን ፊት ሁሉ አንብባ የኖረች፣
የራሷን ሸሽጋ እስከ ዛሬ ቆየች።

«ይኼ ወቀሳ ነው እንጂ ለቅሶ ነው?» አሉ እቴቴ ስንዱ። «ደግሞ ስሜ የታለ? ሰው ሲሞት መጀመሪያ ስሙ ነው የሚጠራ። አብሽሪ፤ ድምፁስ ከናትሽ ወገን ነው።»

ሲናገሩ ዝቅ ብለው ነበርና ዓይናቸው ከጥራቱ ወጣ። መለስኩት። ጉልበቴ ከጠጠሩ ላይ ያመኛል፤ ጎረቤቶች ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብለዋል፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ብቻ ዝም ባሰኘኝ ነበር። የዓይናቸውን ዙሪያ አየሁ፤ ከንፈራቸው ላይ፣ በስንኝ መጀመሪያ አየር ሲስቡ የኖሩበትን ትንሽ ክፍተት አየሁ። በአምባሰል ዜማ ጀመርኩ፦

ስንዱ ስንዱ ብዬ ብጠራሽ ብጠራሽ፣
ለሁሉ የሚደርስ ድምፅሽን ማን ነሳሽ?

ፊታቸው ረጋ። አልሳቁም፣ አላዘኑም፤ የሚሰሙትን ስንኝ እየመዘኑ ቀጥ ብለው አዩኝ። ጣቴ ተጫነ። የመጨረሻው ቃል ላይ ግን «ነሳሽ» የምትለዋ ለሁለት ተሰበረች።

እቴቴ ስንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ፣ ሁለተኛው ላይ አለቀስሽ። አልቃሿ ራሷ ካለቀሰች ሰዉ ምን ይሥራ? ድገሚው።»

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ፤ ቀለበቱን ዓይናቸው ላይ መልሼ ደገምኩት።